ድራጎን ኩዌስት፦ ትንሽ ካሴት፣ ብዙ ክርክር

ከልጅ ልጁ ጋር አንድ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። ሐዴራም ይሁን ጊቭዓት ኦልጋ፣ ልጁ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። ምሳ ቀረበ ሲባል «ቆዩኝ፣ ሳላስቀምጥ አልነሣም» ይላል። አያት ይገረማሉ። ምኑን ነው የሚያስቀምጠው? ጨዋታ አይደለም ወይ? ዝም ብሎ ቢያጠፋው ምን ይጎድልበታል?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ልጁ በጨዋታው ውስጥ የደከመበትን ሥራ እንዳያጣ ነው የሚፈራው። ይህን ድካም እንዴት አድርጎ ማቆየት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ዛሬ የተነሣ አይደለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አንድን የጃፓን ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ሲሟገቱበት ኖረዋል። ጨዋታው «ድራጎን ኩዌስት» ይባላል፤ «ዘንዶ ፍለጋ» እንደ ማለት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድራጎን ኩዌስት የወጣው ሜይ 27 ቀን 1986 ነው። ዓይነቱ የሚና ጨዋታ ይባላል። ተጫዋቹ የአንድ ጀግና ሚና ይይዝና አገር ላገር ይዞራል፣ ከሰው ይነጋገራል፣ መረጃ ይሰበስባል፣ ከአውሬ ይዋጋል። ታሪኩ ቀላል ነው፤ የዘንዶዎች ጌታ የብርሃን ኳስ ሰርቋል፣ የንጉሡም ልጅ ተወስዳለች፣ ጀግናው ሁለቱንም ይመልሳል። ግን ጀግናው ሲጀምር ደካማ ነው። ትንንሾቹን አውሬዎች እየገደለ ልምድና ወርቅ ያጠራቅማል፣ ሰይፍ ይገዛል፣ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ይህ በአንድ ቁጭታ አያልቅም፤ ብዙ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ማታ ሲጠፋ የዛሬው ድካም ለነገ የሚቆይበት መንገድ መኖር አለበት።

የሠሩት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ታሪኩንና የጨዋታውን አካሄድ ያወጣው የ32 ዓመቱ ዩጂ ሆሪ ነው፤ «ሾነን ጃምፕ» በተባለው የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ይጽፍ ነበር። ፕሮግራሙን የመራው ኮይቺ ናካሙራ ገና 21 ዓመቱ ነበር። ሥዕሉን የሳለው «ድራጎን ቦል» በሚለው የሥዕል ታሪክ የሚታወቀው አኪራ ቶሪያማ ነው፤ በ2024 አርፏል። ሙዚቃውን የደረሰው ኮይቺ ሱጊያማ ደግሞ በዚያ ጊዜ 55 ዓመቱ ስለነበር ለሌሎቹ አባት ይሆናል። አሳታሚው ኤኒክስ የተባለ ኩባንያ ነው።

ሆሪ «ዊዛርድሪ» እና «ኡልቲማ» የሚባሉትን የአሜሪካ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ይወድ ነበር። እነሱ ግን በኮምፒውተር ቁልፎች የሚሠሩ፣ ለጀማሪ የሚከብዱ ነበሩ። እሱ ያንኑ ነገር ኒንቴንዶ በ1983 ባወጣው «ፋሚኮም» በተባለ የቤት መጫወቻ ላይ፣ ጥቂት ቁልፍ ብቻ ላለው ልጅ ሊያቀርብ ፈለገ። በመጽሔቱም ላይ የሚና ጨዋታ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ለልጆቹ አስረዳ። ጨዋታው ሲጀምርም ጀግናው በንጉሡ አዳራሽ ውስጥ ተዘግቶበት ይገኛል። ለመውጣት ሰው ማነጋገር፣ ሣጥን መክፈት፣ ቁልፍ ማንሣት፣ በር መክፈት አለበት። ልጁ ሜዳ ላይ ወጥቶ አውሬ ሳይገጥመው የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ ጊዜ ሞክሮታል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ያስተማረ ሰው ይህ ጥሩ የመጀመሪያ ትምህርት መሆኑን ወዲያው ያያል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። የክርክሩ ሁሉ ሥር የቦታ ጥበት ነው። ጨዋታው የሚሸጠው በፕላስቲክ ሣጥን ተደርጎ ነበር፤ ጃፓኖች ራሳቸው «ካሴት» ይሉታል። የዚያ ካሴት ሜሞሪ 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ይህን ለመገመት፣ አሁን የሚያነቡት ጽሑፍ ብቻውን የዚያን ሲሶ ያህል ይይዛል። በስልክ የሚነሣ አንድ ተራ ፎቶ ደግሞ ከ30 እንደዚያ ያሉ ካሴቶች ይበልጣል። በ64 ኪሎባይት ውስጥ አገሩ፣ ከተሞቹ፣ አውሬዎቹ፣ ሙዚቃው፣ ንግግሩ ሁሉ መግባት ነበረበት።

ስለዚህ ብዙ ነገር ተቆረጠ። ጀግናው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ወደ ላይም ሲሄድ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ተጫዋቹ ነው፤ የጎኑና የጀርባው ሥዕል ቦታ ይፈጃል ተብሎ አልተሳለም። ጃፓኖች «የሸርጣን አካሄድ» ብለው ይቀልዱበታል። ፊቱ ወዴት እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ሰው ለማነጋገር ሲፈልግ ሰሜን ነው ደቡብ፣ ምሥራቅ ነው ምዕራብ ተብሎ ይጠየቃል። ደረጃ ለመውጣት እንኳ «ደረጃ» የሚል ትእዛዝ መምረጥ ነበረበት። አውሬዎቹም ቢሆኑ ሰማያዊው «ስላይም» ቀለሙ ተቀይሮ ቀይ ስላይም ይሆናል፤ ሥዕሉ ያው አንድ ነው። እነዚህን ዛሬ በቁም ነገር የሚሟገትላቸው ብዙ ሰው የለም፤ ችግር ነበሩ፣ አለፉ።

የፊደሉ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ለአማርኛ አንባቢም የሚቀርበው ይህ ነው።

የጃፓን ጽሕፈት እንደ እኛ ፊደል አንዷ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ የምትይዝበት ነው፤ «ካ»፣ «ኪ»፣ «ኩ» እያለ ይሄዳል። ግን ሁለት ረድፍ አለው። ሂራጋና የሚባለው ለተራው ቃል ነው። ካታካና የሚባለው ያንኑ ድምፅ በሌላ ቅርጽ ይጽፋል፤ ለውጭ አገር ቃልና ለእንግዳ ስም ያገለግላል። እዚህ አገር ልጆች በትምህርት ቤት የዕብራይስጡን «ደፉስ» እና «ክታቭ» እንደሚማሩት፣ ድምፁ አንድ፣ መልኩ ሁለት ነው። በዚያ ላይ ከቻይና የመጡት በሺህ የሚቆጠሩ ምልክቶች አሉ።

ይህ ሁሉ በ64 ኪሎባይት አይገባም። የቻይናዎቹ ምልክቶች ጭራሽ ቀሩ። ሂራጋናው ገባ። ከካታካናው 46 መሠረታዊ ፊደሎች ግን 20 ያህሉ ብቻ ተመርጠው ሌሎቹ ተጣሉ። ከዚያ በኋላ ሆሪ የአውሬዎቹን፣ የድግምቶቹንና የቦታዎቹን ስም ሲያወጣ በእነዚያ 20 ፊደሎች ከሚጻፈው አይወጣም ነበር። «ስላይም» ይጻፋል። «ድራጎን» ይጻፋል። ቁስል የሚያድነው «ሆይሚ» የሚባለው ድግምትም ይጻፋል። በተጣለ ፊደል የሚጻፍ ስም ምንም ያህል ቢያምር ቀረ። «ታ» የምትለዋን «ዳ» የሚያደርጉት ሁለት ጭረቶችም ለብቻቸው ከፊደሏ በላይ ይቀመጡ ነበር፤ «ታ» እና «ዳ» ሁለት ቦታ እንዳይፈጁ።

ይህን ሲሰሙ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ትዝ የሚላቸው አይጠፉም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ያው ነው። ከ200 በላይ ፊደል ለጥቂት ቁልፎች ይበዛል። መፍትሔው ግዕዙን ፊደል መትቶ፣ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ምልክት በላዩ ወይም በጎኑ መጨመር ሆነ። በዚያ መኪና የተመታ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ምልክቱ ከፊደሉ ትንሽ ሸሽቶ ሲቀመጥ አይቷል። «ፊደሉ ይቀነስ፣ ሁለቱ ሰ እና ሦስቱ ሀ ለምን?» የሚለው የቆየ ክርክርም ከመኪናው ጋር በረታ። ኮምፒውተር መጥቶ፣ ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ከመኪናው የመጣው ምክንያት ቀረ።

የድራጎን ኩዌስት ወዳጆች በሁለት የሚከፈሉት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ጥበቱ ጠቀመ» ይላል። ስሞቹ አጭር፣ ለልጅ አፍ የሚቀሉ ሆኑ፤ ንግግሩም ቁጥብ ሆነ፤ እስከ ዛሬ ሳይረሱ የቀሩት በዚህ ነው ባይ ነው። ሌላው ወገን «ይህ በኋላ የተሰጠ ማማሪያ ነው፤ ሰዎቹ ቦታ ቢኖራቸው ሙሉውን ፊደል ይጠቀሙ ነበር» ይላል። ለሁለተኛው ወገን ትልቁ ማስረጃ ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው፤ ካሴቱ በሰፋ ቁጥር የጣሉትን መመለስ ነበር ሥራቸው። ያም ሆኖ «ስላይም» የሚለውን ስም ማንም አልቀየረውም።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ፤ ድካሙ እንዴት ይቀመጣል? በመጀመሪያው የጃፓን ካሴት ውስጥ ምንም የሚቀመጥ ነገር አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ወደ ንጉሡ ይመለሳል፣ ንጉሡም 20 ፊደል ያለው ትርጉም የሌለው ዓረፍተ ነገር ይነግረዋል። ስሙ «ከሞት የሚያስነሣ ድግምት» ነው። ልጁ በደብተሩ ይጽፈዋል። በማግስቱ ያንኑ ሲያስገባ የጀግናው ስም፣ ልምዱ፣ ወርቁና ዕቃው ይመለሳል። አሠራሩ ረቂቅ ነው። 64 ፊደሎች ተመርጠው እያንዳንዱ እንደ ቁጥር ይቆጠራል፤ ሃያው ፊደል ሲደመር የጀግናው ሁኔታ በቁጥር ተጽፎ ይወጣል። ጀግናው የቆመበት ቦታ ግን አይጻፍም፤ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማልና። ሁልጊዜ ከንጉሡ ፊት የሚጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሃያው ፊደል 5፣ 7፣ 5፣ 3 እየሆነ ይደረደራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የጃፓን አጭር ግጥም፣ የሀይኩ ምት ናቸው። አንድ ቀን ተጫዋቾች ባሾ የተባለውን የድሮ ባለቅኔ ዝነኛ ግጥም አስገብተው ሦስት ፊደል ሲጨምሩበት ጨዋታው ተከፈተ። በአጋጣሚ ትክክለኛ ድግምት ሆኖ ተገኘ! ይህን ጃፓኖች እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል።

ችግሩ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ሁሉም መቅረቱ ነው። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል። ከጃፓን ፊደሎች ውስጥም እንደ እኛ «ጸ» እና «ጰ» የሚመሳሰሉ አሉ። ልጁ ሲያስገባ «ድግምቱ ትክክል አይደለም» ይባላል፤ የሳምንት ድካም ሄደ። ጃንዋሪ 1987 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ሦስት ጀግኖች ስላሉት ድግምቱ እስከ 52 ፊደል ረዘመ። እዚህ ላይ ሚዛኑ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል። ሃያ ፊደል ልጅን መጠንቀቅ ያስተምር ይሆናል፤ 52 ግን ቅጣት ነው።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1988 ሦስተኛው ክፍል ወጣ። ካሴቱ 256 ኪሎባይት ሆነ፤ ያም አልበቃም። ለመግቢያው ሥዕልና ሙዚቃ ቦታ ስላልተረፈ፣ በጥቁር መደብ ላይ ስሙ ብቻ ብቅ ይላል። ውስጡ ግን ትንሽ ባትሪ ተገጠመለት። ባትሪው ሜሞሪውን ሳያጠፋ ያቆያል፤ ድግምት መጻፍ ቀረ፤ ሦስት ተጫዋቾች የየራሳቸውን ማስቀመጥ ቻሉ። በዚያ ቀን ረጅም ሰልፍ ነበር። ከትምህርት ቤት ቀርተው የተሰለፉ ተማሪዎችንም ፖሊስ ያዘ። ከዚህ ተነሥቶ «የጃፓን ምክር ቤት ጨዋታው በሥራ ቀን እንዳይወጣ ሕግ አወጣ» የሚል ወሬ በዓለም ተሰራጨ፤ ሐሰት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ባትሪውም የራሱን መዘዝ አመጣ። ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቋረጥ ወይም ካሴቱ ሲነካ የተቀመጠው ይጠፋል። በማግስቱ ልጁ ሲከፍት የሚያስፈራ ሙዚቃ ይሰማል፣ የጀብዱ መጽሐፉ እንደጠፋም በጽሑፍ ይነገረዋል። በዚያ ዘመን ያደጉ ጃፓናውያን ያን ሙዚቃ አይረሱትም። አሁን 50 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የሚሟገቱት በዚህ ነው። «የደብተሩ ይሻል ነበር፤ ስህተቱ የራሴ ነበር፣ ለጓደኛዬም አውሼዋለሁ» የሚሉ አሉ። «እናቴ መጥረጊያ ስታዞር ካሴቱን ብትነካው ሁሉም ጠፋ» የሚል ቅሬታ ያለባቸውም ከነዚሁ ጋር ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ሌሊት ተቀምጦ 52 ፊደል መገልበጥን ማንም ሊናፍቅ አይገባም ይላሉ።

አሜሪካኖች ይህን ጣጣ አላዩትም። ጨዋታው እዚያ በ1989 «ድራጎን ዋሪየር» ተብሎ ሲወጣ ባትሪ ነበረው፤ ጀግናውም የጎንና የጀርባ ሥዕል ተስሎለት ነበር። በሦስት ዓመት የሜሞሪ ዋጋ ስለረከሰ እንጂ የተሻለ ሰው ስለሠራው አይደለም። ትርጉሙ ግን ሌላ ጥል አስነሣ። ንግግሩን ሁሉ እንደ ድሮ መጽሐፍ በቆየ እንግሊዝኛ አደረጉት፤ የጃፓኑ እንዲህ አልነበረም። ያን አነጋገር የሚወዱ አሜሪካውያን እስከ ዛሬ አሉ፤ ጃፓንኛ የሚያውቁት ግን ይነቅፉታል።

ጨዋታው ደጋግሞ ታድሷል። በ1993 የሸርጣን አካሄድና የደረጃው ትእዛዝ ቀሩ። በ2024 ሦስተኛው፣ በ2025 አንደኛውና ሁለተኛው በአዲስ ሥዕል ወጡ። የመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ጀግና ከአንድ አውሬ ጋር ብቻ የሚዋጋበት ነበር፤ በአዲሱ አውሬዎቹ ብዙ ሆነው ይመጣሉ። «ያ ብቸኝነት ነበር የጨዋታው ነፍስ» የሚሉ ቅር ተሰኙ። «ብቸኝነቱ የ64 ኪሎባይት ውጤት ነው» ብለው የሚመልሱላቸውም አልጠፉም።

የድሮዎቹ ካሴቶች ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። የሦስተኛው ክፍል ባትሪ በጊዜ ብዛት ይሞታል፤ የቀለጠውን ብረት ነቅሎ አዲስ ባትሪ መግጠም ይቻላል፣ ግን አሮጌው ሲወጣ በውስጡ የነበረው የልጅነት ጀግና አብሮ ይጠፋል። የመጀመሪያው ክፍል ካሴት ባትሪ የለውም። በ1986 በደብተር ላይ በትክክል የተጻፈ 20 ፊደል ያለው ሰው ዛሬ ቢያስገባው፣ ንጉሡ ስሙን ጠርቶ ይቀበለዋል።