የከፋዩ ኅሊና፦ የወሊድ መከላከያ ወጪ በኢትዮጵያ ታሪክ



በሰኔ 2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆቢ ሎቢ በተባለ የንግድ ኩባንያ ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። የኩባንያው ባለቤቶች ለሠራተኞቻቸው በሚያቀርቡት የጤና መድን ውስጥ አራት ዓይነት የወሊድ መከላከያዎች እንዳይካተቱ በእምነታቸው ምክንያት ጠይቀው ተፈቀደላቸው። ይህን ፍርድ በክፍል ውስጥ ሳነሣ ተማሪዎቼ ዘወትር ይጠይቁኛል፦ በአገራችን እንዲህ ያለ ክርክር ስለ ምን አልተሰማም? ሃይማኖተኛ አሠሪ ጠፍቶ አይደለም፤ ይህንስ ለካምባ ሰው ማስረዳት አያሻኝም። ምክንያቱ አሠሪው ክፈል ተብሎ አለመጠየቁ ነው።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ለሕዝብ ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ክልከላው እንደ ጸና ነው። የ1985ቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ተጠቃሚነትን ከ4 ወደ 44 በመቶ ለማድረስ አቀደ፤ የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 35 የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ ማግኘትን የሴቶች መብት አደረገው። ከባለትዳር ሴቶች መካከል በ1992 ዓ.ም. ተጠቃሚዎቹ 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 በመቶ ደረሱ። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ ለግዥው ደግሞ የውጭ ለጋሾች ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

የኅሊና ጥያቄው ግን አልጠፋም፤ ሌላ ቦታ ተነሣ እንጂ። ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1960 ዓ.ም. ሰው ሠራሽ መከላከያን ካወገዙ ወዲህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ተፈጥሮአዊውን ዘዴ ነው። በልጅነቴ ታላቅ እኅቴ አምስተኛ ልጇን ወልዳ ስታበቃ ስሙን ከማልጠራው የሚስዮን ክሊኒክ በትሕትና ተመልሳለች። ያው ክሊኒክ እኔን ከወባ አድኖኛል፤ ስለዚህ ነገሩን በቀላሉ ልፈርድበት አልችልም። ከውቅያኖስ ማዶም የሚከፍል ኅሊና አለ። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት፣ እንደ ፕሬዚዳንቱ እየተሻረና እየተመለሰ፣ ከፅንስ ማቋረጥ ጋር ግንኙነት ላላቸው የውጭ ድርጅቶች የቤተሰብ ምጣኔ ገንዘብ ከልክሏል።

አሁን ወደ እኛ እየቀረበ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 አሠሪና ሠራተኛ መዋጮ እንዲከፍሉ ይደነግጋል፤ ተግባራዊነቱ ግን ለዓመታት ተራዝሟል። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ በለጋሽ ላይ መደገፍ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ታየ። የቤተሰብ ምጣኔ ወጪ ወደ መድኑ ከተዛወረ የጥጥ እርሻው ባለቤትም ከፋይ ይሆናል።

እኔ መዋጮው የሠራተኛዋ ደመወዝ አካል ነው ባይ ነኝ። ደመወዝ ከከፈሉ በኋላ በምን እንደሚውል መቆጣጠር የአሠሪ ሥልጣን አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው ሆስፒታልና የጥጥ እርሻ ግን አንድ ናቸው አልልም፤ አንደኛው በገዛ እጁ እንዲሰጥ ይጠየቃል፣ ሌላው ገንዘብ ብቻ ያዋጣል። ልዩነቱን በደንብ ከመጻፋችን አስቀድሞ፣ እናቶችም ባሉበት፣ በዱቡሻ ብንነጋገርበት እመርጣለሁ።

ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ።