ቅጹ አንድ፣ የሚሞላው ብዙ፦ የአንድ ምርጫ ታሪክ

በ2007 ዓ.ም. ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ውስጥ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከግቢ ውጭ ባለች ሻይ ቤት አራት ሆነን ተቀምጠናል። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍልን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሥርዓት ነበር። ኮዱን ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት ልናደርገው ተስማምተናል። የቀረን ጥያቄ አንድ ነው፦ ገጾቹን በምን እንሥራቸው? የዚያን ዕለት ውሳኔ ሁለት ጓደኛሞችን ለዓመታት አራርቋል። አንዱ እኔ ነኝ።

ከሌላ ትምህርት ክፍል ለተመረቃችሁ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የቀበሌ ማመልከቻ ቅጽ አስቡ። ጽሑፉ አይለወጥም፤ ነጥብ ነጥብ የተደረገበት ቦታ ላይ ግን የአንዱ ስም፣ የሌላው የቤት ቁጥር ይገባል። የድረ ገጽ ቴምፕሌት ማለት ይኸው ነው። ክርክሩ ያለው ቅጹን ማን ይሙላው የሚለው ላይ ነው። ሰርቨሩ ሞልቶ ያለቀለትን ገጽ ይላክ? ወይስ ባዶውን ቅጽና መረጃውን ለየብቻ ልኮ የተጠቃሚው ብራውዘር ራሱ ይሙላው?

ጥያቄው ከእኛ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1995 ራስሙስ ሌርዶርፍ ለሕዝብ የለቀቀው ፒኤችፒ፣ በመሠረቱ በገጹ መሐል ነጥብ ነጥቡን የሚሞላ መሣሪያ ነበር። ቀላል ስለሆነ ዓለምን አዳረሰ። ችግሩ ቅጹና ስሌቱ አንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅለው መገኘታቸው ነው፤ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለቱን ለመለየት ተጉ። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ተጠንስሶ በ2005 ኮዱ ክፍት የሆነው ጃንጎ፣ በቴምፕሌቱ ውስጥ ብዙ ስሌት እንዳይጻፍ ሆን ብሎ ገደብ አበጀ። በ2008 በወጣው አንደኛ እትሙ ደግሞ ተጠቃሚ የሚያስገባው ጽሑፍ ገጹ ላይ እንደ ኮድ እንዳይሠራ በራሱ የሚከላከል ሆነ።

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ ግን የጤናው ዘርፍ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ዛሬ አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይሠራል። ሥሩ በ1990ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ የተነሳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልድ ከ2004 ጀምሮ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተገነባ፤ በ2006 በሕንዷ ኬረላ ግዛት ሥራ ላይ ዋለ። ገንቢዎቹ ለገጾቹ የመረጡት ቬሎሲቲ የተባለ፣ በሰርቨር ላይ የሚሞላ የጃቫ ቴምፕሌት ነበር። ኋላ ዘመኑ ሲቀየር ወደ ሪአክት መሸጋገር ጀመሩ፤ ሽግግሩ ግን ዓመታት ፈጀ። ሙሉ ጊዜያቸውን የሚሠሩ ባለሙያዎች ያሉት ፕሮጀክት እንኳ አንዴ የመረጠውን ቴምፕሌት በአንድ ጀንበር አይጥልም።

ወደ ሻይ ቤቷ ልመለስ። እኔ የያዝኩት አንጉላር ጄኤስን ነበር፤ ቅጹን በብራውዘር የሚሞላውን። የዱራሜው ጓደኛዬ ደግሞ የጃንጎ ቴምፕሌት ይበቃናል አለ። «አንተዬ፣ ጤና ጣቢያ ያለው ኔትወርክ እኮ የላብራቶሪያችን አይደለም። ደግሞ እኛ ስንመረቅ ማን ይረከበዋል?» አለኝ። እኔም «ነገ ሥራ ስትፈልግ ሲቪህ ላይ አሮጌ ነገር ልትጽፍ ነው?» አልኩት። ሁለቱ ጓደኞቻችን ሳቁ። በሳቁ አሸነፍኩ።

ሐቁን ልናገር፤ ማስጠንቀቂያም ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የአንጉላር ሠሪዎች ቀጣዩ ትውልድ ከነበረው ጋር የማይገጥም እንደሚሆን በይፋ ተናግረው ነበር። አንብቤዋለሁ። ለጓደኞቼ ግን አልነገርኳቸውም።

ተመረቅን። መስከረም 2008 ላይ ሥርዓቱን ለሙከራ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ላብራቶሪ ውስጥ ዓይን እስኪርገበገብ ይከፈት የነበረው ገጽ፣ እዚያ በሞባይል ዶንግል ነጭ ሆኖ ቀረ። ቅጹን የሚሞላው ኮድ መጀመሪያ በሙሉ መውረድ አለበታ! መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ እንደ አዲስ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ታግሣ ጠበቀች። ገጹ ሲከፈት የአንድ ሕፃን ልደት ልትመዘግብ ጳጉሜን 3ን ፈለገች። እኔ ያስገባሁት የቀን መምረጫ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። «እናንተ ጋ ጳጉሜን የለም እንዴ ልጆች?» አለችን። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ጓደኛዬ አላየኝም። ባይናገረኝም ገባኝ።

ሌላም ጉዳይ ነበር፦ ቋንቋ። በአካባቢያችን አማርኛ በፊደል፣ ሀዲይኛና ከምባትኛ ደግሞ በላቲን ይጻፋሉ። ቅጹና ጽሑፉ በደንብ ከተለያዩ አንዱን ቅጽ በሦስቱም ማውጣት ይቻላል። እኔ ግን አማርኛውን እዚያው ቅጹ ውስጥ ነበር የጻፍኩት። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነ 13 ወሩ ይዟል። ጥፋቱ ለማን እንደምንሠራ ሳንጠይቅ በምን እንደምንሠራ መወሰናችን ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ!

ከዚያ በኋላ እኔ አዲስ አበባ ሥራ ገባሁ፤ ፕሮጀክቱም ተኛ። ከጓደኛዬም ጋር የበዓል መልእክት እንኳ ተቋረጠ። የአንጉላር ጄኤስ ድጋፍ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲያበቃ ዜናውን ቢሮዬ ውስጥ አነበብኩና የድሮውን ኮዳችንን ከፈትኩ። ተለውጧል። ከእኛ በኋላ የመጡ ተማሪዎችና የዱራሜው ጓደኛዬ ገጾቹን አንድ በአንድ በጃንጎ ቴምፕሌት እንደገና ጽፈዋቸዋል። ጳጉሜን ገብታለች። የሀዲይኛና የከምባትኛ ቃላት በየራሳቸው ፋይል ተቀምጠዋል። የሠሪዎች ስም ዝርዝር ውስጥ የእኔ ስም አሁንም የመጀመሪያው ነው። ማንም አልሰረዘውም።

ደወልኩለት። «አንጉላርን የመረጥኩት ለሲቪዬ ነው፤ ጥቅምት ላይ የወጣውንም ዜና ደብቄያችሁ ነበር» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «አውቅ ነበር እኮ፣ እኔም አንብቤዋለሁ» አለኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ብለው «ሁላችሁም ስትስቁ ጊዜ!» አለ። እስካሁን የሚከነክነኝ ይኼ ነው። አዋቂው ዝም ያለው በሐሳብ ስለተረታ አልነበረም።

ለዛሬ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ከዚህ ታሪክ ማውጣት የምችለው ጥቂት ነው። ብራውዘር ላይ የሚሞላ ቴምፕሌት መጥፎ አይደለም፤ እንጀራዬን የምበላው በሪአክት ነው። ግን ስትመርጡ ፈቃዱንም አንብቡ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የሪአክት የፓተንት አንቀጽ ትልልቅ ክፍት ፕሮጀክቶችን አስደንግጦ፣ ፌስቡክ በዚያው ዓመት ፈቃዱን ለመቀየር ተገድዷል። ገጹን በደካማ ኔትወርክ ክፈቱት። የምትረከበው ተማሪ በሳምንት ውስጥ አንድ ቅጽ ማስተካከል ትችል እንደሆነ በተግባር ሞክሩት። ከሁሉ በፊት ግን፣ ጠረጴዛው ላይ ዝም ያለውን ሰው ጠይቁት።

የዱራሜው ጓደኛዬ ለዘንድሮው ግንኙነታችን ሆሳዕና እመጣለሁ ብሎኛል። ሻይ ቤቷ አሁንም ካለች ሻዩን የምከፍለው እኔ ነኝ። ኮዱ ክፍት ነው፤ የሚያግዘን ካለ አብሮን ይቀመጥ።