በጭነት መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ የሚሰማ ኳኳታ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ኳኳታ ከሞተሩ የኋላ ጫፍ ጀምሮ እስከ ዲፈረንሻሉ ባለው የመኪናው ሆድ ዕቃ የሚሰማ፣ ባዶ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ተጨምሮ ሲናጥ የሚመስል ድምፅ ነው። በካምቢዮ ስም ይጠራ እንጂ ምንጩ ሁልጊዜ ካምቢዮው አይደለም። የላላ የማርሚታ ላሜራ፣ የተሰነጠቀ ፍሌክስ ፕሌት፣ የተበላ ክሮቼራ ወይም የሞተሩ ብሮንዚና ሹፌሩ ወንበር ላይ ላለ ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ። የጥገናው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ አንዱ በአንድ ማሰሪያ ሲያልቅ ሌላው ካምቢዮውን አውርዶ መፍታትን ይጠይቃል። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው «ድምፁ ከየት ይመጣል?» ከሚለው ሳይሆን «መቼ ይመጣል፣ መቼስ ይጠፋል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ብረት ድምፅን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚያስተላልፍ ቦታውን በጆሮ ብቻ መለየት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

አሠራሩ

በእጅ ማርሽ በሚቀየርበት መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለያየው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ይህን ሥራ የሚሠራው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ዘይት የሞላበት ድፍን ክብ የብረት ዕቃ ነው። በውስጡ ክንፍ ያላቸው ሦስት ክፍሎች አሉ። ኢምፔለር ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ ተርባይን የተወረወረውን ዘይት ተቀብሎ የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ ያዞራል፤ በመካከላቸው ያለው ስታተር ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ያስተካክላል። በዘመናዊዎቹ ኮንቨርተሮች ውስጥ ከዚህ በተጨማሪ ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያቆራኝ መቆለፊያ ፍሪሲዮን፣ ንዝረቱን ከሚያለዝቡ ሞላዎች ጋር ይገኛል።

ኮንቨርተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በፍሌክስ ፕሌት ነው። ይህ በእጅ ማርሽ መኪና ቮላኖ በሚቀመጥበት ቦታ የሚገባ ቀጭን የብረት ሳህን ሲሆን፣ በዙሪያው ሞተሪኖ የሚይዘው ጥርስ አለው። በመካከሉ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር፣ በዳሩ በኩል ደግሞ ከኮንቨርተሩ ጋር በብሎን ይታሰራል። ከኮንቨርተሩ በስተኋላ የዘይት ፓምፑ፣ ከዚያም ፍሪሲዮን ዲስኮችና ፕላኔታዊ ማርሾች ይከተላሉ።

መኪናው ቆሞ የሚደረግ ሙከራ

ሙከራው የሚደረገው ሜዳ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ተደርጎ፣ ከመኪናው ፊት ሰው ሳይኖር ነው። ማርሹን ፒ ላይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ፒ መኪናውን የሚይዘው በካምቢዮው መውጫ ዘንግ ላይ በምትነክስ አንዲት የብረት ጥርስ ነው። ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ በሆነ መኪና የኃይል ማከፋፈያው ሳጥን ፎሌ ላይ ካለ፣ ወይም ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ ከተፈታ፣ ጥርሷ ብትነክስም ጎማው በነፃ ይንከባለላል።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ እየሠራ በመጀመሪያ ፎሌ ላይ ይደመጣል። ከዚያ ፍሬኑ በኃይል ተረግጦ ማርሹ ወደ ዲ ይገባል። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይናገራል። ፎሌ ላይ ተርባይኑና የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከሞተሩ ጋር አብረው ይዞራሉ። ዲ ላይ ገብቶ ፍሬኑ ሲያዝ ግን ተርባይኑ ይቆማል፤ ኢምፔለሩ ብቻ መዞሩን ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት ፎሌ ላይ ተሰምቶ ዲ ላይ ጸጥ የሚል ኳኳታ ከመግቢያው ዘንግና ከእርሱ ጋር ከሚዞሩ የፍሪሲዮን ከበሮዎች አካባቢ የመነጨ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ፎሌ ላይ የማይሰማ፣ ዲና አር ላይ ሲገባ የሚጀምር ድምፅ በቆመው ተርባይንና በሚዞረው ክፍል መካከል ያለ ኩሽኔታ መበላቱን ሊያመለክት ይችላል። ይህ ሁለተኛው ምልክት ሌላ ፍች እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ማርሽ ሲገባ ሞተሩ በመደገፊያ ጎማው ላይ ትንሽ ዘንበል ስለሚል የማርሚታ ቱቦ ሻንሲውን ይነካና ያንኳኳል። መደገፊያ ጎማው ከተቀደደ ደግሞ ይህ ይባባሳል።

በፎሌም በዲም ሳይለወጥ የሚቆይ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ የሚፈጥን ድምፅ ከሞተሩ ጋር ሳይቋረጥ ከሚዞሩት ይመጣል፤ እነርሱም ፍሌክስ ፕሌት፣ የኮንቨርተሩ ውጫዊ አካልና የዘይት ፓምፑ ናቸው። ፓምፑ ግን ከማንኳኳት ይልቅ ማፏጨትና ማቃሰት ይቀናዋል።

ከውጭ የሚመጡ ድምፆች

ከማርሚታው ቱቦ በላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ላሜራ በዝገት ብሎኑ ሲላቀቅ በሚኒሞ ላይ ቅጭልጭል ይላል፤ ሞተሩ ትንሽ ሲፈጥን ደግሞ ዝም ይላል። በካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ያለው የሸክላ ማጣሪያ ሲሰበርም ስብርባሪው እንደ ጠጠር ይንኳኳል። ሁለቱንም ለመለየት ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቱቦው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ይበቃል። በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ የፍሌክስ ፕሌቱ መሸፈኛ ላሜራ ተመትቶ ወደ ውስጥ ሊገባና ከሚዞረው ሳህን ጋር ሊፋተግ ይችላል። ይህን የሚያክል ቀላል ብልሽት ሳይታይ ካምቢዮ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ የሚያሳዝነውም ካምቢዮው ተመልሶ ሲገጠም ላሜራው በአጋጣሚ ስለሚቃና ድምፁ መጥፋቱና ጥገናው ትክክል መምሰሉ ነው።

ከአር ወደ ዲ ሲቀየር አንድ ጊዜ «ጓ» የሚል ምት ብዙውን ጊዜ ከክሮቼራ ወይም ከዲፈረንሻል መላላት ነው። በቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚሰማ የብረት ኳኳታ ደግሞ ነዳጁ በሲሊንደር ውስጥ ያለ ጊዜው ሲቀጣጠል የሚወጣ ሊሆን ስለሚችል በካምቢዮ ላይ አይፈረድም።

ፍሌክስ ፕሌት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ክፍል ነው። ሳህኑ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በሚታሰርበት መካከለኛ ቀዳዳዎች ዙሪያ ሲሆን፣ ስንጥቁ ሙሉ ዙር ሊሄድ ይችላል። ድምፁ ከቢየላ ብሮንዚና ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል ጤነኛ ሞተር እንዲፈታ ምክንያት ይሆናል። የናፍጣ ሞተሮች በሚኒሞ ላይ ምታቸው ኃይለኛ ስለሆነ ኳኳታው ሲጠፋና ሲነሣ ይበልጥ ይጎላል።

መለያው መንገድ እንዲህ ነው። ሲሊንደሮች አንድ በአንድ ከሥራ ውጭ ሲደረጉ፣ ለምሳሌ የአንዱ የማቀጣጠያ ወይም የነዳጅ መርጫ መስመር ሲቋረጥ፣ የቢየላ ድምፅ በታመመው ሲሊንደር ላይ ጎልቶ ይለወጣል፤ የፍሌክስ ፕሌት ድምፅ ግን በየትኛውም ሲሊንደር ተለይቶ አይቀንስም። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ፣ መሸፈኛው ላሜራ ይከፈታል። ክራንክ ሻፍቱ በእጅ እየዞረ የኮንቨርተሩ ብሎኖች እያንዳንዳቸው ይፈተሻሉ። ቁጥራቸው እንደ መኪናው ዓይነት በአብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ነው። በላላ ብሎን ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ወይም የዝገት ብናኝ የተነዛበት ብረት ይታያል።

ይህም ካልለየው ብሎኖቹ ተፈትተው ኮንቨርተሩ ወደ ካምቢዮው በኩል ከፓምፑ ሳይወጣ ጥቂት ይገፋና ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ይነሣል። ኳኳታው ከቀጠለ ጥፋቱ በሞተሩ ወይም በፍሌክስ ፕሌቱ ነው፤ ከጠፋ ወደ ኮንቨርተሩና ወደ ፓምፑ፣ ወይም ላልተው ወደነበሩት ብሎኖች ያመለክታል። ካምቢዮ ለማውረድ ከመወሰን በፊት ይህን ሙከራ መዝለል የሚመከር አይደለም።

ዘይት

የዘይቱ መጠን የሚለካበት መንገድ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ፒ ላይ ይለካል፤ በቀድሞዎቹ የዶጅ መኪናዎች ፎሌ ላይ ነው። በርካታ አዳዲስ ካምቢዮዎች መለኪያ ዘንግ ስለሌላቸው በተወሰነ የዘይት ሙቀት የጎን ብሎን ተከፍቶ ይታያል። ዘይቱ ሲያንስ ወይም ፊልትሮው ሲደፈን ፓምፑ አየር ይስባል።

ጥቁር ቡናማና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት የፍሪሲዮን ዲስኮች መቃጠልን ያሳያል። እንደ ወተት የነጣ ሮዝ ከሆነ በራዲያተሩ ውስጥ ካለው የዘይት ማቀዝቀዣ ውኃ ገብቶበታል። የታችኛው ገንዳ ሲወርድ በማግኔቱ ላይ የሚገኝ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር የብረት ፍርፋሪ ወይም ከኩሽኔታ የወጣ መርፌ መሰል ሮለር ከተገኘ ግን ጥፋቱ ከውስጥ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ መኪናውም መነዳት የለበትም። ፍርፋሪው በዘይቱ እየተዘዋወረ ጤነኛውን ክፍል ሁሉ፣ ማቀዝቀዣውንም ጭምር ያበላሻል።

በጉዞ ላይ

ቆሞ የማይሰማ ድምፅ በየማርሹ ይፈለጋል። ለዚህ የሚረዳው የፕላኔታዊ ማርሽ ጠባይ ነው። ማርሹ አንድ ለአንድ ሲሆን፣ ማለትም የመግቢያውና የመውጫው ዘንግ ፍጥነት ሲተካከል፣ በብዙ ካምቢዮዎች ፕላኔታዊው ስብስብ እንደ አንድ ድፍን አካል ይዞራል፤ ጥርስ በጥርስ ላይ አይሄድም። በሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ላይ ለዓመታት የተገጠመውን ፎር ኤል 60 ኢ እንውሰድ። የማርሾቹ ምጣኔ በቅደም ተከተል 3.06፣ 1.63፣ 1.00 እና 0.70 ነው። ኳኳታው በአንደኛ፣ በሁለተኛና በአራተኛ ተሰምቶ በሦስተኛ ከጠፋ ጥርጣሬው በፕላኔታዊ ማርሾቹ ላይ ያርፋል። በሁሉም ማርሽ ተሰምቶ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከመውጫው ዘንግ በስተኋላ መፈለግ ይሻላል። ሙከራው ለሁሉም አይሠራም፤ ሲክስ ኤል 80 የተባለው ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ አራተኛው 1.15፣ አምስተኛው 0.85 ስለሆነ አንድ ለአንድ የሚባል ማርሽ የለውም።

በመካከለኛ ፍጥነት፣ ነዳጅ በትንሹ እየተሰጠ፣ ጎማው የተቦረቦረ መንገድ ላይ የሚሄድ ያህል የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ ካለ የመቆለፊያው ፍሪሲዮን ይጠረጠራል። ነዳጁ ሳይቀነስ የፍሬኑ ፔዳል ፍሬኑ እስኪይዝ ሳይደርስ ለአፍታ ሲነካ መቆለፊያው ይለቃል። ንዝረቱ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው፤ የዘይት ለውጥ ብቻውን የሚያስተካክለው ጊዜም አለ። ይህን ሙከራ ባዶ መንገድ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ መኪኖች በኃይል ማከፋፈያው ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰንሰለት አላቸው። ሰንሰለቱ ሲረዝም የሳጥኑን ግድግዳ ይመታል፤ ድምፁም አራቱ ጎማ ሲያዝ ይብሳል።

ከባድ ተሳቢ መኪናዎች

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች «አውቶማቲክ» የሚሉት የተሳቢ መኪና ካምቢዮ፣ ለምሳሌ የቮልቮ አይ ሺፍት ወይም የዲትሮይት ዲቲ 12፣ ከላይ ከተገለጸው የተለየ ነው። ቶርክ ኮንቨርተርም ፍሌክስ ፕሌትም የለውም። በመሠረቱ የእጅ ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን ኮምፒውተር የሚያዝበት ነው። ፎሌ ላይ ፍሪሲዮኑ ተያይዞ ስለሚቆይ የሞተሩ ምት ያልተጫነባቸውን ማርሾች ያንኳኳል፤ ዲ ላይ ገብቶ ፍሬን ሲያዝ ፍሪሲዮኑ ይለቅና ድምፁ ይቆማል። ቀላል ኳኳታ በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ላይ የተለመደ ነው። ከቀን ወደ ቀን የሚጎላ ከሆነ ግን በፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ ያሉት ሞላዎች መሰበራቸው ይመረመራል፤ የተሰበረ ሞላ ከቦታው ወጥቶ የፍሪሲዮኑን ቤት ሊሰብር ይችላል።