ወተትና የዘረ መል ትእዛዝ

ወደ አሰብ በሚያልፈው ጎዳና ላይ በምትገኘው በሰርዶ አካባቢ ለሚኖረው አርብቶ አደር የግመል ወተት ምግብም ውኃም ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከልጅነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ዘረ መሉ ሳይጠፋ ሥራው ስለምን ይቋረጣል?

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መንገድ የከፈቱት ፈረንሳውያኑ ዣኮብና ሞኖ ናቸው። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1961 ባክቴሪያ የወተትን ስኳር እንዴት እንደሚፈጭ መርምረው፣ ዘረ መሎች እንደ ሁኔታው የሚከፈቱና የሚዘጉ መሆናቸውን አስረዱ። በ1993 ደግሞ አሜሪካውያኑ አምብሮስና ረቭኩን በአንዲት ደቃቅ ትል እድገት ውስጥ ሌላ ተቆጣጣሪ አገኙ። ይኸውም ኋላ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የተባለው ሲሆን፣ የዘረ መሉን መልእክት ፕሮቲን ከመሆኑ በፊት ያግዳል፤ በ2024 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በ2002 ከእነዚህ ተቆጣጣሪዎች ሁለቱ በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ብዙ ጊዜ እንደሚጠፉ ወይም እንደሚቀንሱ ታወቀ።

የላክቴዝም ምሥጢር በዚያው ዓመት በፊንላንዳውያን ላይ በተደረገ ጥናት ተገለጠ። ከዘረ መሉ 14,000 ያህል የዘር ፊደላት ርቃ የምትገኝ የአንዲት ፊደል ለውጥ ትእዛዙ እንዳይዘጋ ታደርጋለች። በ2013 የታተመው፣ ከ350 በላይ ኢትዮጵያውያን የተመረመሩበት ጥናት ግን በኢትዮጵያ በዚያው ስፍራ ልዩ ልዩ ለውጦች መኖራቸውን አሳየ።

ስለሆነም ወተት የማይስማማው ጎልማሳ ሕመምተኛ ሳይሆን የጥንቱን ትእዛዝ የጠበቀ ነው። በድርቅ ጊዜ ቀለብ የሚመድብ ሁሉ ይህን ልዩነት ሊያስብበት ይገባል።