ጉልበት የሚከዳው መቼ ነው?

አያቴ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ከመደብ ሲነሱ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይጫኑና «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላሉ። አማርኛችን ለመገጣጠሚያውም ለኃይሉም አንድ ስም መስጠቱን ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

ይህ አገር ጉልበትን ያውቀዋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውንና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል በጋይንት በኩል ነው ያሳለፉት። ደህና መንገድ የት አለና! ድንጋይ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተሞላ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ለመድረስ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ።

ያን ጉተታ ሳስብ የሚታየኝ ጎታቹ ብቻ አይደለም፤ «በሉ፣ ሳቡ!» የሚለው አለቃም ጭምር እንጂ። ጡንቻም እንደዚያው ነው። ከአከርካሪ የሚነሳ አንድ የነርቭ ሕዋስ በእግር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጡንቻ ክሮችን ያዛል፤ ሲያዝ ሁሉም አብረው ይስባሉ። ሊድልና ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1925 ይህን ቡድን «ሞተር ዩኒት» አሉት።

ስናረጅ ከአለቆቹ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ጎረቤት ነርቭ ቅርንጫፍ ዘርግቶ ጌታ ያጡትን ክሮች ይቀበላል፤ ተቀባይ ያላገኙት ግን መንምነው ይጠፋሉ። ይበልጥ የሚጎዱት ደግሞ ፈጥነው የሚስቡት፣ ከመደብ ብድግ የሚያደርጉን ናቸው። ለዚህ የዕድሜ መመናመን ኧርዊን ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 «ሳርኮፔኒያ» የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክኛ ሥጋ ማጣት እንደማለት ነው።

በዓመቱ፣ በ1990፣ ከቦስተን አንድ ጥናት ወጣ። 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው 10 ደካማ አዛውንቶች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የጨረሱት የእግራቸው ኃይል በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። የሞተ ነርቭ አይመለስም፤ የቀረው ግን ሥራ ሲያገኝ ይበረታል።

ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኛ አያቴን ምን አደረግናቸው? ሞፈሩን ተቀበልናቸው፣ ውኃ ቀዳንላቸው፣ ገበያም እንዳይወጡ ከለከልን። «አርፈው ይቀመጡ!» እንላለን፤ ማክበራችን ነው። በክብር እያስቀመጥን የተረፈውን ጉልበት ሥራ ፈት አደረግነው።

ዘንድሮ ስሄድ «ና ደግፈኝ» አሉኝ። እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። «እስቲ እርስዎ ይሞክሩ፣ እኔ አጠገብዎ ነኝ» አልኳቸው። ተነሱ። ተቀመጡና እንደገና ተነሱ። በአምስተኛው እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ሽማግሌ ታለፋለህ?» ብላ ተቆጣችኝ።

አያቴ ግን «ተይው፣ ገና አልጨረስኩም» አሏት።