ኪኒን ከየት መጣ?

ራሱን ያመመው ሰው «ቤት ውስጥ ኪኒን አይጠፋም?» ይላል። ለራስ ምታትም ይሁን ለጨጓራ፣ ጠጥሮ በውሃ የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ በአማርኛ ኪኒን ነው። ፈረንሳዮች ግን ኪኒን የሚሉት አንዱን ብቻ ነው፤ የወባውን። እኛ ዘንድ የአንዱ ስም ለዘመዶቹ ሁሉ ተረፈ።

ፈረንሳዮቹም ቃሉን ከኪሳቸው አላወጡትም። ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚዎች በ1820 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ውስጥ መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡ፣ ስም የሰጡት ስፓኞች «ኪና» ይሉት ከነበረው ተነሥተው ነው። ስፓኞቹ ደግሞ ያገኙት ከኬቹዋ፣ ከአንዲስ ተራሮች ሕዝብ ቋንቋ ነው። ኪና ቅርፊት ማለት ነው። ሲደገም፣ «ኪና ኪና» ሲባል፣ ለመድኃኒት የሚሆን ቅርፊት ይሆናል። ስሙ መጀመሪያ የሌላ ዛፍ፣ የበለሳን ዓይነት፣ ሳይሆን እንዳልቀረ አጥኚዎች ይናገራሉ፤ የሁለቱ ቅርፊት በንግድ ሲደባለቅ ስሙ ተሻገረ። የወባው ቅርፊት ተልጦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንደ ብራና ይጠቀለላል፤ ያን ደቁሰው በወይን ጠጅ በጥብጠው ይጠጡት ነበር።

ስፓኞች የወሰዱት ሌላም የኬቹዋ ቃል አለ፤ «ሚታ»። ተራ ማለት ነው። በኢንካዎች ዘመን ተራው የደረሰው ሰው ለመንግሥት ይሠራል፣ ከመንግሥት ይበላል፣ ሲጨርስ ቤቱ ይገባል። በ1570ዎቹ በፔሩ የስፔን እንደራሴ የነበረው ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ ቃሉን እንዳለ ይዞ ትርጉሙን ገለበጠው። ሚታ ማለት ወደ ፖቶሲ የብር ማዕድንና ወደ ዋንካቬሊካ የባዜቃ (የሜርኩሪ) ጉድጓድ በግድ መነዳት ሆነ። የባዜቃ ትነት የተነፈሰ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ድዱ ይቆስላል፣ ጥርሱ ይረግፋል። መንደሩን ጥሎ የሸሸው ብዙ ነበር፤ የሸሸው ተራም ለቀረው ይተርፈዋል። ይህ ሁሉ የተጫነው ፈንጣጣና ኩፍኝ አስቀድመው ባመናመኑት ሕዝብ ላይ ነው።

ገዳዩ የወባ ዓይነትም ወደ ደቡብ አሜሪካ የገባው በባሪያ ንግድ መርከቦች ነው። በሽታውን ያመጡት መድኃኒቱን ይዘው ሄዱ ማለት ነው።

ሊኔየስ በ1742 ዛፉን «ሲንኮና» አለው፤ በፔሩ የስፔን እንደራሴ ሚስት የነበረችው የቺንቾን እመቤት በቅርፊቱ ተፈወሰች በሚል ወሬ። የእንደራሴው የዕለት መዝገብ ኋላ ሲመረመር ወሬው መሠረት አልተገኘለትም። ስሙም ቢሆን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከቺንቾን አንድ ፊደል ጎድሎታል። እንግሊዛዊው ክሌመንትስ ማርካም ያ ፊደል እንዲመለስ ሲሟገት ኖረ፤ በ1860 ችግኝና ዘር ከአንዲስ ወደ ሕንድ ለማሻገር የዘመተውም እሱው ነው። የቆረቆረው ፊደሉ ብቻ ነበር።

ከሁሉ የላቀውን ዘር የለቀመው ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የተባለ የቦሊቪያ አይማራ ሰው ነው። ዘሩ በእንግሊዛዊው ነጋዴ በቻርልስ ሌጀር በኩል በ1865 ለሆላንድ መንግሥት ተሸጠ፤ ጃቫ ላይ ጸደቀ፤ በ1930ዎቹ የዓለም ኪኒን ከሞላ ጎደል ከዚያው ከጃቫ ይመጣ ነበር። ዛፉም በሌጀር ስም ተጠራ። ማማኒ ዘር አወጣህ ተብሎ ታሰረ፣ ተደበደበ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ያው መድኃኒት ለሌላ ወረራ ስንቅ ሆነ። በ1854 ኪኒን እየዋጡ የኒጀርን ወንዝ ወደ ላይ የዘለቁት እንግሊዞች አንድም ሰው በንዳድ ሳይሞትባቸው ተመለሱ። ከዚያ በፊት የአፍሪካን መሀል አገር ከአውሮፓውያን ስትጠብቅ የኖረችው ወባ ነበረች።

የአማርኛ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ «ኪኒን» ላይ ስትደርሱ ፈረንሳይኛ ላይ አትቁሙ። «ከኬቹዋ» ብላችሁ ጻፉ።