መትከልና መጠበቅ

ሰው ለአገሩ በሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛው በእጁ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው በአፉ የሚናገረው እውነት ነው። እጁ ሠርቶ አፉ ዝም ያለ እንደ ሆነ የሠራውን ሌላ ሰው ያፈርስበታል፤ አፉ ተናግሮ እጁ የቦዘነ እንደ ሆነም ቃሉን የሚያምንለት አያገኝም። ይህን ለመረዳት የሚሻ ወጣት በጎረቤታችን በኬንያ የኖረችውን የዋንጋሪ ማታይን ታሪክ ያስተውል። የእርሷን ዘመን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዋንጋሪ በ1940 በኒዬሪ አውራጃ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደች። በቤታቸው አጠገብ የሾላ ወገን የሆነ አንድ ታላቅ ዛፍ ነበረ። ያ ዛፍ የእግዚአብሔር ነው ተብሎ ይከበር ስለ ነበር፣ ከሥሩ ጭራሮ እንኳ እንዳትለቅም እናቷ ታስጠነቅቃት ነበር። በዛፉ አጠገብ ምንጭ ይፈልቅ ነበር፤ ሕፃኒቱም በውኃው ውስጥ የእንቍራሪት ዕንቍላል እያየች ትጫወት ነበር። እንዲህ ያለው ልማድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሰሜን አገራችን ተራራው ተራቍቶ ሳለ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ጽዱና ወይራው እስከ ዛሬ የቆመው፣ ሰው ፈርቶና አክብሮ ስለ ተወው ነው።

ታላቅ ወንድሟ «ዋንጋሪስ ለምን አትማርም?» ብሎ ስለ ጠየቀ ወላጆቿ ትምህርት ቤት አገቧት። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥታ በ1960 ወደ አሜሪካ ሄደች፤ የሕይወት ሳይንስም ተማረች። በ1971 በናይሮቢ የዶክተርነት ማዕርግ ስትቀበል፣ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪቃ ከሴቶች ወገን የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ነገር ግን ከባሕር ማዶ ተመልሳ ወደ ትውልድ ስፍራዋ በሄደች ጊዜ ያ ዛፍ አልነበረም። መሬቱን የያዘው ሰው ቦታ አጣበበኝ ብሎ፣ ሻይ ሊተክልበት ቈርጦታል። ምንጩም ደርቋል። የዛፉ ሥር ወደ ታች ጠልቆ የዝናቡን ውኃ ወደ መሬት ያሰርገው፣ አፈሩንም ይይዘው ነበርና፣ ዛፉ ሲወድቅ ውኃውም አብሮት ጠፋ። አባቶች በእምነት የጠበቁትን ነገር እርሷ በትምህርቷ ምክንያቱን አገኘችው።

የገጠር ሴቶችም ማገዶ ጠፋብን፣ ውኃ ራቀን እያሉ ሲያዝኑ ሰማች። ስለዚህ በ1977፣ በሰኔ ወር በአምስተኛው ቀን፣ ከባልንጀሮቿ ጋር በናይሮቢ ሰባት ዛፎች ተከለች። ከሰባቱ አብዛኞቹ ደረቁ፤ እርሷ ግን ሥራውን አልተወችም። የደን ባለሙያዎች ዛፍ ለመትከል ዲፕሎማ ያስፈልጋል ቢሉም፣ ባቄላና በቈሎ የሚዘሩት እናቶች ዘር መርጠው ችግኝ ማፍላት ይችላሉ ብላ አስተማረች። ደግሞም አንድ ብልህ ደንብ አወጣች፤ ለሴቶቹ ጥቂት ሳንቲም የሚከፈላቸው ስለ ተተከለው ችግኝ ሳይሆን ስለ ጸደቀው ነበር።

ይህን ደንብ ባነበብሁ ቍጥር አፍራለሁ። በአስተማሪነቴ ዘመን አንድ ክረምት ተማሪዎቼን አሰልፌ በአንድ ኰረብታ ላይ 300 ችግኝ አስተከልሁ። ሹማምንት መጥተው ንግግር አደረጉ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ አጨበጨብን። በበጋው ግን ውኃ ያጠጣ፣ ከከብትም የጠበቀ ሰው አልነበረም። በፋሲካ ሰሞን ወጥቼ ብቈጥር 11 ብቻ አገኘሁ። አንድ ትንሽ ልጅ «ጋሼ፣ የኔ ችግኝ የትኛዋ ነች?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ቃል አጣሁ። ለካስ እኔ ያስተማርሁት መትከልን ሳይሆን ማጨብጨብን ኖሯል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ዋንጋሪ ችግኝን ከከብት መጠበቅ ብቻ እንደማይበቃ ቈይታ ተረዳች፤ ከባለሥልጣንም መጠበቅ ያስፈልግ ነበርና። በ1989 መንግሥት በናይሮቢ ከተማ መካከል በሚገኘው በኡሁሩ መናፈሻ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ዐሰበ። መናፈሻው ድኻው ሕዝብ በነጻ የሚያርፍበት ስፍራ ነበር። እርሷም ለየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈች። በምክር ቤት ተዘባበቱባት፤ ማኅበሯንም ከቢሮው አስወጡት። ይሁን እንጂ ነገሩ በዓለም ስለ ተሰማ ገንዘብ የሚያበድሩት ወገኖች ሸሹ፤ ሕንፃውም ሳይሠራ ቀረ።

ከዚህ የከፋው የካሩራ ደን ነገር ነው። ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ያለው ይህ የሕዝብ ደን ለግለሰቦች እየተሸነሸነ ይሰጥ ጀመር። በጥር 1999 ዋንጋሪ አንዲት ችግኝ ይዛ ልትተክል በሄደች ጊዜ ዱላ የያዙ ሰዎች ደብድበው ራሷን ፈነከቷት። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ በክሱ ወረቀት ላይ በገዛ ደሟ ፈረመች። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት መሬት ለግለሰብ እንዳይሰጥ ከለከሉ። ከ1,000 ሄክታር የሚበልጠው የካሩራ ደን ዛሬም ቆሟል።

በ2002 ሕዝቡ ለምክር ቤት መረጣት፤ በሚከተለውም ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ረዳት ሚኒስትር ሆነች። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ከአፍሪቃ ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ነበረች። እስከዚያ ጊዜ ከእርሷ ጋር የሠሩት ሴቶች የተከሉት ዛፍ ከ30 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። በ2011 ባረፈች ጊዜ ለሬሳ ሣጥኗ ዛፍ አልተቈረጠም፤ እንደ ፈቃዷ ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከእንቦጭ ተሠራ። በሕይወቷ ያስተማረችውን በሞቷም አላፈረሰችውም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በ1987 ዓ.ም. በአገራችን የጸናው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ፣ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ሕግ ግን እንደ ችግኝ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ በወረቀት ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ከቤታችሁ አጠገብ አንዲት ዛፍ ትከሉ፤ በክረምት ብቻ ሳይሆን በየካቲትና በመጋቢትም ወጥታችሁ ጐብኟት። የሰፈራችሁ ምንጭ ሲበከል፣ የሕዝብ ደን ሲሸነሸን ባያችሁ ጊዜም ተሰብስባችሁ፣ በትሕትናና በድፍረት ሹሙን ጠይቁ።

ሁላችሁም እንደ ዋንጋሪ የታወቃችሁ አትሆኑ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ትንሽ ልጅ «የኔ ዛፍ የትኛዋ ነች?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ እጁን ይዛችሁ ወስዳችሁ ልታሳዩት ትችላላችሁ። እኔ ያን ቀን ያልቻልሁት ይህን ነው።